እንጀራችን ከገባበት ልጃችን ስለ ምን ይቀራል?

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ፖሊስ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ዛሬ ግን ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል በሚመስል ነገር ላይ ሐሳቤን ላካፍላችሁ እወዳለሁ፤ ይኸውም ስለ መብል፣ ስለ መጠጥና ስለ መዝናኛ ቦታ ነው። «ይህን ሁሉ ችግር ተሸክመን ስለ ጨዋታ ይጻፋል ወይ?» የሚል ወገን እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ልጄ የሠራዊት አገልግሎቷን ጨርሳ ወደ ቤት ተመለሰች። አንድ ቀን «አባዬ፣ በደቡብ ቴል አቪቭ አዲስ የእንጀራ ቤት ተከፍቷል። አያቴን ይዘን ሐሙስ ማታ ሁላችንም እንሂድ፤ ጋባዧ እኔ ነኝ» አለችኝ። እኔ ደስ አለኝ። የ78 ዓመቷ እናቴ ግን «የሰው ቤት እንጀራ ልበላ ከረሖቮት ቴል አቪቭ ድረስ? ቤታችን ምን ጎደለና?» ብላ ተቆጣች። ቀጥላም «ማን ጋገረው? ሥጋውንስ ማን አረደው?» ስትል ጠየቀች።

ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። እኛ ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በጎንደር ገጠር ሳለን ከቤት ውጭ መብላት ለቤተ እስራኤል ነውር ብቻ ሳይሆን ክልክልም ነበር። ወላጆቻችን ገበያ ሲወርዱ ቆሏቸውንና ዳቧቸውን ሰንቀው ይሄዱ ነበር እንጂ ሌላ ሰው ያረደውን ሥጋ በአፋቸው አያዞሩም። ከውጭ ሰው ጋር የተነካካም ወንዝ ወርዶ ታጥቦ ነው ወደ መንደሩ የሚገባው። ከዚህም የተነሣ ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ ባዮች» ይሉን ነበር። ስለዚህ ምግብ ቤት ማለት ለእናቴ ትውልድ የመዝናኛ ቦታ አይደለም። ሃይማኖቱን የሚጠብቅ ሰው አልፎት የሚሄድ ቤት ነው።

በግንቦት ወር 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስንገባ እኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበርሁ። በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ወገን መጣ። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ቤት ስላልነበረ ብዙዎቻችንን በሆቴል አሳረፉን። እንግዲህ እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቷ ውጭ የበላችው በዚያ በሆቴሉ የምግብ አዳራሽ ነው። ሰልፍ ይዘን በትሪ እንቀበላለን። ምግቡ ጨውና በርበሬ የሌለው ሆኖብን አብዛኛው ሰው ዳቦውንና እንቁላሉን ብቻ እያነሣ ይወጣ ነበር። ምን እንደምንበላ፣ መቼ እንደምንበላ፣ ከማን ጋር እንደምንቀመጥ የሚወስንልን ሌላ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ካራቫን ሄድን፤ እዚያ ምጣድ ባይኖርም በመጥበሻ፣ ጤፍ ባይገኝም በነጭ ዱቄት እንጀራ መጋገር ተጀመረ። በዚያን ቀን የነበረውን ደስታ ዛሬም አልረሳውም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ሐሙስ ማታ እናቴን እያባበልን ወሰድናት። ቤቱ ትንሽ ነው፤ ከአሥር የማይበልጡ ጠረጴዛዎች አሉት። ባለቤቷ እዚሁ አገር የተወለደች የእኛው ልጅ ናት። ገና ከመግባታችን እናቴ ጥያቄዋን ደገመች። ልጅቱም ምንም ሳትቀየም «እማማ፣ እዚህ ሥጋም ወተትም የለም፤ የምንሠራው ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንችና ቀይ ሥር ነው። የካሽሩት ወረቀቱም ያው ግድግዳው ላይ ነው» ብላ እጇን ይዛ አሳየቻት። እናቴ ማንበብ ባትችልም ወረቀቱን ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በኋላ ተቀመጠች።

በያይነቱ ቀረበ። ዙሪያችንን ስመለከት ከእኛ በቀር የኢትዮጵያ ልጅ በሁለት ጠረጴዛ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ የዚህ አገር ወጣት ነው። በቴል አቪቭ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም የማይበሉ ወጣቶች ስለበዙ የእኛ ወጥ ለእነሱ ተስማምቷቸዋል። አገር ቤት ሳለን ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች በጾማቸው ቀን ይበሉት የነበረው ምግብ ዛሬ በዚህ ከተማ ዘመናዊ ሆኗል ማለት ነው። አጠገባችን የተቀመጠ አንድ ልጅ እንጀራውን በሹካ ሊበላ ሲታገል እናቴ አላስቻላትም። ከወንበሯ ተነሥታ፣ ጠቅልላ፣ አጎረሰችው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ልጁም «ቶዳ፣ ሳቭታ» አላት።

እናቴ ስትቀመጥ ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «እኛ ስንመጣ» አለችኝ፣ «ወጥ ስሠራ ሽታው በደረጃው ወጣ ብለው ጎረቤቶች በር ይዘጉብኝ ነበር። ዛሬ ገንዘብ ከፍለው ይበሉታል?» እኔም ምን እንደምመልስላት አላወቅሁም። እውነት ነው፤ አንድ ነገር ተለውጧል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው የምሥራች ይሆን ነበር። ነገር ግን አላበቃም። እኛ በባቡር ወደ ረሖቮት ስንመለስ ልጄ፣ የወንድሜ ልጅና ሁለት ጓደኞቻቸው «ትንሽ ተጫውተን እንመጣለን» ብለው ቀሩ። ከበላንበት ቤት በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ወደሚርቅ አንድ የጭፈራ ቤት ሄዱ። በር ላይ የቆመው መራጭ፣ «ሴሌክቶር» የሚሉት፣ አየት አደረጋቸውና «ዛሬ ዝግ ግብዣ ነው፤ ስማችሁ በዝርዝሩ የለም» አላቸው። እነሱም አምነው ወደ ዳር ቆሙ። ወዲያው ከኋላቸው የመጡ ሦስት ነጭ ወጣቶች ስም ሳይጠየቁ ገቡ። ቀጥለውም ሁለት ሴቶች ገቡ። የወንድሜ ልጅ ተመልሶ ሲጠይቅ «ለሌላ ጊዜ ሞክሩ» ተባለ። ይህ ልጅ በሠራዊት የጦር ክፍል ሦስት ዓመት ያገለገለና እስካሁንም ለሚሉይም የሚጠራ ነው።

እንግዲህ አስቡት። በአንድ ምሽት፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰፈር እንጀራችን በክብር ገባ፤ ልጃችን ግን በር ላይ ቀረ። ምግባችንን የወደደ ሁሉ እኛን ወዷል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምን ያስረዳል?

አንዳንድ ሽማግሌዎች ይህን ሳጫውታቸው «ደግ አደረጉ! የሰካራም ቤት ነው፤ ባይገቡ ይሻላል። ለዚህ ብሎ ክስ ምንድን ነው?» አሉኝ። አባቶቼ ሆይ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው፤ ነገር ግን በዚህ አልስማማም። ልጄ ወደ ጭፈራ ቤት ትሂድ አትሂድ የሚለው የእኔና የእርሷ፣ የቤታችን ጉዳይ ነው። በቆዳዋ ቀለም ምክንያት አትገባም የሚለው ግን የአገር ጉዳይ ነው። ዛሬ በጭፈራ ቤት በር ዝም ካልን ነገ በዋና ገንዳ፣ ከነገ ወዲያ በሠርግ አዳራሽ፣ ከዚያም በሥራ ቦታ በር ላይ ዝም እንላለን። ደግሞም የወጣት ቁስል የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሥራ የተከለከለ ሰው «ምናልባት ችሎታ አንሶኝ ይሆናል» ሊል ይችላል። የጭፈራ ቤት በር ላይ ግን ፈተና የለም፣ ዲፕሎማ አይጠየቅም፤ ፊቱን ብቻ ነው ያዩት። ስለዚህ መልእክቱ በግልጽ ይገባዋል።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ቢኖር ይህ ድርጊት በሕግ የተከለከለ መሆኑን ነው። ክኔሴት በ2000 ዓመት በምርት፣ በአገልግሎት፣ ወደ መዝናኛና ወደ ሕዝብ ቦታዎች በመግባት አድልዎ እንዳይደረግ የሚከለክል ሕግ አውጥቷል። በዚህ ሕግ መሠረት የምግብ ቤት፣ የመጠጥ ቤት፣ የጭፈራ ቤትም ሆነ የዋና ገንዳ ባለቤት ሰውን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በመጣበት አገር፣ በጾታውና በመሳሰለው ምክንያት መከልከል አይችልም። ፍርድ ቤትም የደረሰው ጉዳት በገንዘብ ተሰልቶ ሳይረጋገጥ እስከ 50 ሺህ ሽቅል ካሳ ሊወስን ይችላል፤ ይህም በሕጉ የተጻፈው መነሻ ሲሆን ከኑሮ ውድነቱ ጋር እንዲጨምር ተደርጓል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልትሉት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። በር ላይ የቆመው ሰው «ጥቁር ስለሆንህ ነው» ብሎ በአፉ አይናገርም። ሁልጊዜ «ሞልቷል»፣ «ዝግ ግብዣ ነው»፣ «አባል አይደለህም» ነው የሚለው። ሕጉ ይህን ተንኮል ያውቀዋል። ስለሆነም የአንድ ወገን ሰዎች እንደተከለከሉ ወይም እንዲዘገዩ እንደተደረጉ፣ በዚያው ሁኔታ የነበሩ ሌሎች ግን እንደገቡ ከተረጋገጠ፣ አድልዎ እንደተፈጸመ ይገመታል። ከዚያ በኋላ ምክንያቱ ሌላ እንደነበር የማስረዳቱ ሸክም በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ «ማስረጃ የለኝም» ብሎ ተስፋ ቆርጦ መመለስ አይገባም። ከኋላችሁ መጥቶ የገባው ሰው ራሱ ማስረጃ ነው።

ልጄ ይህን ታውቅ ኖሮ ሳትጨቃጨቅ ሰዓቱን ጻፈች፣ ሌሎች ሲገቡ በስልኳ ቀረጸች፣ ሁኔታውን አይቶ ያዘነ አንድ የማታውቀው ወጣትም ስልኩን ሰጣት። አሁን አቤቱታው ቀርቧል፤ ገና አልተቋጨም። የወንድሜ ልጅ ግን መጀመሪያ ላይ «ተይው፣ ምን ዋጋ አለው» ብሎ ለወላጆቹ እንኳ ሳይነግር ቀርቶ ነበር። እኔን ያስደነገጠኝ ከመከልከላቸው ይልቅ ይህ ነው። ልጁ ነገሩን ለምዶታል። ሌላም ጊዜ ሌላ ቦታ እንደደረሰበት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሌላው ወገን፣ በተለይ ወጣቱ፣ «እንግዲያው የራሳችንን ቤት እንክፈት፤ የራሳችን ሙዚቃ፣ የራሳችን ጭፈራ፣ ማንም አይመርጠንም» ይላል። ይህን ሐሳብ እኔ አልጠላውም። እስክስታ የሚወረድበት፣ ሬጌም ሂፕ ሆፕም የሚሰማበት፣ ሰው እንደ ልቡ የሚሆንበት ቤት መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ልዩነቱን እንወቅ። ፈልገን የገባንበት ቤት ቤታችን ነው። ከሌላው ተባርረን የገባንበት ግን መጠለያ ነው። የራሳችንን እንክፈት፤ የሌላውንም በር አንተው።

የራሳችንን ስንከፍት ደግሞ እንደ ሥራ እንየው። ዛሬ በቴል አቪቭ በኔቬ ሻአናን መንገድና በአሮጌው መናኸሪያ አካባቢ፣ በኢየሩሳሌም በያፎ መንገድ አጠገብ የእንጀራ ቤቶች አሉ። ከእነዚህ ከፊሎቹ የእኛ ወገኖች፣ ከፊሎቹ ደግሞ የኤርትራ ስደተኞች ናቸው። የእናቴን ጥያቄ የሚመልስ ወረቀት ያለው ግን ሁሉም አይደለም። ከ1983 ወዲህ ባለው ሕግ ከተፈቀደለት አካል ወረቀት ያላገኘ ምግብ ቤት ካሽሩት ነኝ ብሎ መጻፍ አይችልም። ወረቀቱ ገንዘብና ድካም እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ሽማግሌዎቻችን፣ ቄሶቻችንና ሰንበት ጠባቂ ቤተሰቦች እንዲመጡ የሚፈልግ ባለቤት ሊያስብበት ይገባል። ያለዚያ ምግባችንን ሁሉም ሰው ይበላዋል፣ ምግቡን ያቆዩልን እናቶች ግን ከውጭ ይቀራሉ።

ስለ ካሽሩት ሳነሣ አንድ የሚያም ነገር ትዝ ይለኛል። በ2018 በአንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ የሚሠሩ የኢትዮጵያ ተወላጆች አይሁድነታቸው በካሽሩት ሰጪው ድርጅት ዘንድ ተጠራጥሮ ወይኑን ከማይነኩበት ሥራ መዛወራቸው ተሰማ። ብዙ ሕዝብ ተቆጣ፤ የሰፋራዲም ዋና ራቢ ይስሐቅ ዮሴፍም ዘረኝነት ነው ሲሉ በይፋ አወገዙት። እናቶቻችን ለሃይማኖታቸው ሲሉ «አትንኩኝ» እያሉ ስንት ዘመን ስቃይ ተቀብለው ወደ ኢየሩሳሌም መጡ፤ ልጆቻቸው እዚህ «አትንኩ» ተባሉ። ስለዚህ እናቴ «ማን ጋገረው?» ብላ ስትጠይቅ አትሳቁባት። እርሷ የጠየቀችው ሥርዓቷን ለመጠበቅ ነው። እኛን በር ላይ የሚያቆመን ግን ሥርዓት አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመልከት፤ ጥፋቱ ሁሉ የሌላው አይደለምና። በሽኩናችን ያለውን ሁኔታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቴል አቪቭ ለመሄድ ገንዘብ የሌለው፣ ወይም ሄዶ የተመለሰ ልጅ የት ይውላል? በኪዮስኩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። እዚያ ያለው መዝናኛ ርካሽ ቮድካ ነው። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አልኮል መሸጥ በሕግ ክልክል ነው። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ሱቆችና ኪዮስኮች ከ23፡00 ሰዓት እስከ ጠዋት 06፡00 ሰዓት ለማንም ሰው መጠጥ እንዳይሸጡ ተደንግጓል። ይህን የሚጥስ ባለሱቅ ካለ ዝም ማለት የለብንም። «ጎረቤታችን ነው፣ በዱቤ ይሰጠናል» እያልን ልጆቻችንን አሳልፈን አንስጥ።

ወላጆች ሆይ፣ እናንተም ልጃችሁ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁ፤ ነገር ግን እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ አባትና እንደ እናት ጠይቁ። እኛ በልጅነታችን ጨዋታችን በሠርግ፣ በበዓልና በቡና ላይ ነበር። ሽማግሌውም ሕፃኑም በአንድ ዳስ ውስጥ ነው። እዚህ አገር ግን ሽማግሌው ከሕንጻው ሥር ባለው ጥላ፣ እናት በቡናዋ፣ ወጣቱ በከተማ ተለያይቶ ቀርቷል። ልጄ አያቷን ይዛ መውጣቷ ደስ ያሰኘኝ ስለዚህ ነው። የወጣቱን ዓለም ያላየ ወላጅ ልጁ ሲከለከል እንኳ ምን እንደተከለከለ አይገባውም። «ለጭፈራ ብለህ ታለቅሳለህ?» ይለዋል፤ ልጁም ሁለተኛ አይነግረውም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንድታደርጉ እማጸናችኋለሁ።

አንደኛ፣ ከወር አንድ ቀን እንኳ ቢሆን አያትንና የልጅ ልጅን ይዛችሁ ውጡ። ገንዘብ ከሌለ በማትናስ፣ በመናፈሻ፣ በባሕር ዳር ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡ። ገንዘብ ሲኖር ደግሞ የወገን ልጅ የከፈተውን ቤት ጎብኙ።

ሁለተኛ፣ ልጃችሁ በር ላይ ከተከለከለ አትቆጡት፤ አድምጡት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቦታውን ስም፣ የተባለውን ቃል፣ ከኋላው የገቡትን ሰዎች በዚያው ሌሊት እንዲጽፍ አድርጉ። ምስክር ካለ ስልኩን ይቀበል። መጣላት ግን አያስፈልግም፤ በር ላይ እጅ የሰነዘረ ልጅ ከሳሽ መሆኑ ቀርቶ ተከሳሽ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ አቤት በሉ። ሕጉ በወጣበት በዚያው በ2000 ዓመት የተመሠረተው «ጠበቃ» የተባለው የእኛው የሕግ ድርጅት በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ወገኖቻችንን ሲረዳ ቆይቷል። ከ2016 የፓልሞር ኮሚቴ ዘገባ በኋላ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ዘረኝነትን የሚከላከል ክፍል ተቋቁሟል። ያለ ጠበቃም ቢሆን በትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል።

አራተኛ፣ ቤት የምትከፍቱ ወጣቶች ሆይ፣ በርቱ። በራችሁ ላይ ግን እናንተም መራጭ አታቁሙ። የተገፋ ሰው ሌላውን ሲገፋ ማየት ያሳፍራል።

ጽሑፌን በእናቴ ነገር ልቋጭ። የሆነውን ስትሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ያ ያጎረስሁት ልጅስ ቢሆን፣ ገብቶ ይሆን?» ብላ ጠየቀች። «አይቀርም፤ እሱን ማን ይከለክለዋል» አልኋት። «እንግዲያው» አለች፣ «ሌላ ቀን ስንሄድ ለእሱም ንገሩት። ከጉርሻዬ የበላ ሰው የልጅ ልጄ በር ላይ ሲቆም አይቶ ዝም ሊል አይገባም።»

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ከገበታችን የቀረበ ሁሉ ከበሩም አብሮን ይቁም። እኛም ቆመን እንጠይቅ፤ ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። ቸር ያሰንብተን።